ግማሽ መሐንዲስ

ወይዘሮ ዓባይነሽ ያን ዕለት ሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ ሲወርዱ ዓይናቸው በደንብ አያይም ነበር። ኔታንያ ያለው የዓይን ሐኪም ጠብታ አድርጎላቸው ብርሃኑ ሁሉ እንደ ውሃ ይዋልልባቸዋል። ስለዚህ ከሐይፋ ከመጣው ባቡር ከወረደው ሕዝብ መሃል ሰማያዊ የሥራ ቱታ የለበሰች ልጅ ሲያዩ፣ «የማን ልጅ ትሆን፣ ደክሟታል» ብለው ሊያልፏት ነበር። ልጅቱ ግን ድንገት ቆመች፤ ቆማም ዘወር ልትል ሞከረች። በዚህ ጊዜ በአረማመዷ ዐወቋት። አረማመድን ጠብታ አይጋርደውም። የልጅ ልጃቸው ሃዳር ነበረች።

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ሃዳር ሐይፋ ባለ አንድ ኮሌጅ ምሕንድስና ትማራለች፤ «ማክሰኞ ከጧት እስከ ማታ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ስልክ አላነሣም» ብላቸዋለች። እናቷ በሕመም ካረፈች ወዲህ፣ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እርሳቸው ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቢሮ ወለል የወለወሉት ይህች ልጅ እጇ ከእስክሪብቶ በቀር ሌላ እንዳይነካ ብለው ነው። አሁን ግን ያ እጅ እስከ ጥፍሩ ሥር ጠቁሯል።

«ሃዳር!»

«ሳፍታ…» አለች፤ አያቷን የምትጠራው በዕብራይስጡ ቃል ነው። «እርስዎ ደግሞ ከየት መጡ?»

«እኔ የመጣሁበትማ ይታወቃል። እጅሽን አሳዪኝ።»

ልጅቱ እጇን በቱታው እጅጌ ውስጥ ሸሸገች።

«አባረሩሽ?»

«ማን?»

«ኮሌጁ ነዋ! አባረሩሽና ጽዳት ገባሽ። ንገሪኝ፤ ልቤ እንደሆነ ቀድሞ ወድቋል።»

«ማንም አላባረረኝም፣ ጽዳትም አልገባሁም። ቁጭ ይበሉና ልንገርዎት።»

«አልቀመጥም። ቁጭ ብለው የሚሰሙት ወሬ ደግ ሆኖ አያውቅም።»

በዚያ ላይ ሰው ያያል። ወይዘሮ ዓባይነሽ ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ይህንን ነው። ወደ ሠፈራቸው ወደ ጊቫት ኦልጋ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ልጅቱን ከመስኮቱ በኩል አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ጉልበቷ ላይ ጣሉት፤ ቱታው እንዳይታይ። ከሠፈራቸውም አንድ ፌርማታ ቀድመው ወረዱ። «ጎረቤት ሁሉ ደጅ ላይ ነው፤ እስኪገቡ ባሕሩ ዘንድ እንቀመጥ» አሏት። ከባሕሩ በላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ጨው ጨው ይላል።

«እንግዲህ ተናገሪ» አሉ፤ ነጠላቸውን እየጠቀለሉ እየፈቱ።

«ኮሌጁ አዲስ ነገር ጀምሯል። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ የፈለገ ተማሪ ሦስት ቀን ክፍል ይማራል፣ ሁለት ቀን ፋብሪካ ገብቶ ይሠራል። ለሙከራ አንድ ወር ልከውን ነበር። እኔን የውሃ ፓምፕ የሚሠራ ፋብሪካ ነው የላኩኝ።»

«አንድ ወር ሙሉ ዋሸሽኝ።»

«ዋሸሁዎት። ይቅርታ።»

«አሁንስ አለቀ አይደል?»

«ሙከራው አልቋል። ነገ ግን ፊርማ ነው። መግባት የሚፈልግ ይፈርማል፤ ትምህርቱ አንድ ዓመት ይረዝማል። የማይፈልግ እንደ ድሮው ክፍሉ ውስጥ ይቀጥላል።»

«ታዲያ ምን ያጠያይቃል? ክፍልሽ ውስጥ ትቀጥያለሻ!»

«እኔ መግባት ነው የምፈልግ፣ ሳፍታ። ያለ እርስዎ ምርቃት ግን አልፈርምም። እንቢ ካሉኝ ይቀራል።»

ይህ ቃል ለአሮጊቷ ሸክም ሆነባቸው። ልጅ አልታዘዝም ቢል መቆጣት ይቻላል፤ «እንቢ ካሉኝ ይቀራል» ያለን ልጅ ግን ምን ይሉታል? ኃላፊነቱ በሙሉ ተገልብጦ አያት ላይ ይወድቃል። ወይዘሮ ዓባይነሽም እንደ ፈሪ ሰው ሁሉ ፍርሃታቸውን ከሩቅ ጀመሩት።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ታውቂያለሽ?»

«አንድ ጊዜ እማ ነግራኛለች። እርስዎ ግን ነግረውኝ አያውቁም።»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ማረሻቸውን የሚሠራ እርሱ፣ ማጭዳቸውን የሚሠራ እርሱ፤ ቀን የሠራላቸውን ይዘው ሲሄዱ ‹ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል› ይሉታል። አንድ ዘመን ለአንድ ሰው ማጭድ ሠራለት። ሰውዬው ማጭዱን በወሰደ በሦስተኛው ቀን ልጁ ታመመ። ‹ቀጥቃጩ በላው› ብለው መጡብን። ወናፉን ቀደዱት፣ መሬቱን አስለቀቁን። አባቴ ሊሞት ሲል የተናገረኝ ሌላ ነገር የለም፤ ‹ልጆችሽን ከእሳትና ከብረት አርቂያቸው› ነው ያለኝ። ኑዛዜ ነው፣ ልጄ። ኑዛዜ ይፈርሳል?»

ሃዳር በቀስታ ጠየቀች፦

«አባትዎ የፈሩት ብረቱን ነው ወይስ ሰዉን?»

ጥያቄው ወይዘሮ ዓባይነሽን ሳይጎዳቸው አልቀረም፤ ምክንያቱም ወዲያው ወደ ሌላው ዞሩ።

«እሱን ተዪው፤ እዚያ ቀረ። እዚህስ? አጎትሽ መኮንን በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ስንመጣ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ሂሳብ ሲነግሩት ጣቱን ሳይቆጥር የሚመልስ ልጅ! አዳሪ ትምህርት ቤት ወሰዱት። ደስ ብሎኝ ላኩት። በዓመቱ ስሄድ ምን ላይ አገኘሁት? ማስጌሩት! ብረት ሥራ! ማን ጠየቀው? ማን ፈተነው? ‹የእናንተ ልጆች እጃቸው ጎበዝ ነው› አሉኝ፤ ምስጋና መስሎኝ ‹ቶዳ›፣ አመሰግናለሁ፣ ብዬ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ ያቺ ‹ቶዳ› ጉሮሮዬ ላይ ናት። አሁን ደግሞ ያንቺ ተራ ነው? ለኛ ልጆች መዶሻ፣ ለነሱ ልጆች ወንበር?»

ይህ ክርክር እንደ ሞኝ ወሬ የሚጣል አይደለም። ብዙ ወላጅ በዚህ ተቃጥሏል። ሃዳርም አልጣለችውም።

«እውነትዎን ነው፤ በአጎቴ ላይ የተሠራው ግፍ ነው። ግን ይስሙኝ። ለእሱ መዶሻውን ሰጡት፣ መጽሐፉን ነፈጉት። እርስዎ ደግሞ ለእኔ መጽሐፉን ሰጥተው መዶሻውን ሊነፍጉኝ ነው። እሱም ግማሽ፣ እኔም ግማሽ።»

«አንቺ ግማሽ? ዘጠና ስድስት አምጥተሽ አልነበር እንዴ በዚያ… በዚያ በሥዕሉ?»

«እሱን ልንገርዎት። ያ ዘጠና ስድስት ነው ጉዴ።» ልጅቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የኀፍረት ነበር። «ሥዕሉ ፓምፑን ግድግዳ ላይ አጣብቆ የሚይዝ ብረት ነው። ክብደቱን አሰላሁ፣ ንዝረቱን አሰላሁ፣ ሁሉም ልክ። ፋብሪካ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ዮቫል የሚባለው የወርክሾፑ ኃላፊ ‹ያንቺው ነው፣ እስቲ ሥሪው› አለኝ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ቆረጥኩ፣ በሳሁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ላስር ስል ብሎኑ ለግድግዳው በጣም ቀርቧል። መፍቻው አይዞርም። ጣቴ እንኳ አይገባም። ሠራተኞቹ ቆመው ያያሉ። አንዱ ‹ግድግዳውን እናፍርስልሽ?› አለኝ።»

«ውይ! ሳቁብሽ!»

«ሳቁብኝ። ወረቀት ላይ እጅ የሚባል ነገር የለም፣ ሳፍታ፤ ስለዚህ ለእጅ ቦታ አልተውኩም።»

«ይሄንን ታዲያ አስተማሪው በቃል ቢነግርሽ አይበቃም? ቦታ ተይ ቢልሽ?»

«ነግሮኛል! መጽሐፉ ላይም ተጽፏል። ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ፣ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።»

ወይዘሮ ዓባይነሽ ነጠላቸውን መጠቅለል ተዉ። እርሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ አፈሩ በቂ መታሸቱን አውራ ጣታቸው ሳይነግራቸው ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ነገር ግን ይህን ሐሳብ ወዲያው ገፉት። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ የራሱን ምስክር እንኳ በር ላይ ይመልሳል።

«ማሽኑ ጣትሽን ቢቆርጠውስ? ጸጉርሽን ቢይዘውስ? ሲያዩሽ ‹ይቺማ ሠራተኛ ናት› ብለው ዕድሜ ልክሽን እዚያው ቢያስቀሩሽስ? የለም፣ የለም። አጎትሽ ይምጣ። እሱ የደረሰበትን ያውቃል፤ እሱ ይንገርሽ።» ስልካቸውን አወጡ። «መኮንን! ቶሎ ድረስ። ባሕሩ ዘንድ ነን። የለም፣ አልታመምኩም። ሃዳር ናት። የለም፣ አልታመመችም። ዝም ብለህ ድረስ!»

እንዲህ ያለ ስልክ የተደወለለት ልጅ አይዘገይም። መኮንን ከሥራው ቀጥታ መጥቶ የመኪናውን በር ሳይዘጋ ትቶ ሮጠ። ሁለቱንም በሕይወት ሲያገኛቸው እፎይ አለና እናቱን ሊስም ጎንበስ ካለ በኋላ ድንገት ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሁለት እጁንም ከጀርባው አደረገ።

«ምነው?» አሉት።

«ይቅርታ፣ እማዬ። ሳልታጠብ ነው የመጣሁት።»

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ቅባት ነው። ሁልጊዜ እዚያ ታች ከሕንፃው በር ያለው ቧንቧ ላይ ታጥቤ ነው ወደ እርስዎ የምወጣው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሃያ አምስት ዓመት ይሆናል። ብረት ማየት አይወዱማ።»

ወይዘሮ ዓባይነሽ የልጃቸውን እጅ ከጀርባው ስበው አወጡት። በጠብታው በደከመው ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ጥቁር ነበር፤ የአባታቸው እጅ ነበር። ከዚያ የጠሩበትን ጉዳይ እንዳይረሱ የፈሩ ይመስል፣ በችኮላ ነገሩት፤ ሃዳር ፋብሪካ ልትገባ መሆኑን፣ ነገ እንደምትፈርም፣ እርሱ እንዲከለክላት።

መኮንን ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ እኔ የተቆጨሁት መዶሻ ስለያዝኩ መሰለዎት?»

«ታዲያ በምን ተቆጨህ?»

«ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት መሐንዲስ የአንድ ቧንቧ መያዣ አሳስቶ ሣለ። አየሁት፤ ‹ይሄ ይሰነጠቃል› አልኩት። ‹ከየት አመጣኸው? አስላና አሳየኝ› አለኝ። እጄ ያውቃል፣ ጆሮዬ ያውቃል፤ አፌ ግን የሱን ቋንቋ አያውቅም። ዝም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ተሰነጠቀ። ትኩስ ውሃ ነው የሚያልፍበት። ሰው አጠገቡ አልነበረም፤ ቢኖርስ? እኔ የተቆጨሁ በዚያ ‹ዝም አልኩ› ነው። ሂሳቡን ቢያስተምሩኝ ኖሮ ዝም አልልም ነበር።»

«እንግዲያ አንተ ሁሌ ልክ ነህ፣ እነሱ ሁሌ ስሕተት» አለች ሃዳር፤ ልትነካካው።

«የለም፣ አንቺ ተንኮለኛ! እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ ጊዜ እጄ ‹ይበቃዋል› እስኪለኝ ብሎን አጠበቅሁ፤ በማግስቱ ተበጠሰ። ብረትም እንደ ሰው የሚችለው ልክ አለው። ልኩ የተጻፈው ደግሞ ባንቺ መጽሐፍ ላይ ነው እንጂ በኔ ክንድ ላይ አይደለም። እስቲ ያቺን የተሳቀባትን ሥዕል አሳዪኝ።»

ሃዳር ስልኳን አውጥታ ሥዕሉን አሰፋችው። ሁለቱ ተጎነበሱ። መኮንን በጠቆረው ጣቱ መስተዋቱ ላይ እየጠቆመ፣ «ይሄን ቀዳዳ ወዲህ ብታመጪው መፍቻውም ይዞራል፣ አንድ ብሎንም ይቀንሳል» አለ። ሃዳር፣ «መቀነሱን አይችልም፣ አጎቴ፤ ንዝረቱ አለ» ብላ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገረችው። እርሱ «ቆይ ቆይ፣ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ይላል፤ እርሷ ታስረዳለች። «አሃ! ለካ ለዚህ ነው የሚንቀጠቀጠው!» ብሎ ጭኑን መታ። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነ። ዕብራይስጡ ከአማርኛው ተደባልቆ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ፣ አሮጊቷ አጠገባቸው መኖራቸውን ረሱ።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ልጃቸው እንዲህ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም። በዓል ሲመጣ ይመጣል፣ ይበላል፣ «ደኅና ነኝ» ይላል፣ ይሄዳል። «ዝምተኛ ነው» ብለው ለሰው ሲያወሩለት ኖረዋል።

«መኮንን» አሉት፣ «ይሄን ሁሉ ወሬ የት ደብቀኸው ነበር?»

«መቼ ጠየቁኝ፣ እማዬ?»

ነገሩን በቁጣ አልተናገረውም። ስለዚህም ይበልጥ ገባቸው። ሃያ አምስት ዓመት «ዛሬ ምን ሠራህ?» ብለው ጠይቀውት አያውቁም፤ መልሱ ብረት ነዋ! ሰዎች አባታቸውን ስለ ብረቱ አገለሏቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ስለ ብረቱ ከቧንቧው አጠገብ አቆሙት። በምን ይለያሉ?

ይህ የብዙዎቻችን ስሕተት ነው። ስድቡን ያመጣነው ከአገር ቤት ነው፤ ከሻንጣችን አውጥተን አልጣልነውም። ሌሎች እጃችንን ሲንቁ የተቃጠልን ሰዎች ልጆቻችን እጃቸውን እንዲንቁ እናስተምራለን፤ «ክብር» እንለዋለን።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ዝቅ ስትል ወይዘሮ ዓባይነሽ ተናገሩ።

«ሰዉን ነው።»

«ምኑን፣ ሳፍታ?»

«ጠየቅሽኝ አይደል? አባቴ የፈራው ሰዉን ነው። ብረቱንማ ይወደው ነበር። ማረሻ ሠርቶ ሲጨርስ በጣቱ መታ አድርጎ ድምፁን ያደምጥ ነበር፤ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሊጠብቀን ፈልጎ ነው እንጂ ሊያስጠላን አልነበረም።» ከዚያ ወደ መኮንን ዞሩ። «ግን አንድ ነገር ማልልኝ። ልጅቷን እንዳንተ አያስቀሯትም?»

«ወረቀቱን አነባለሁ፣ እማዬ። ሦስቱ የክፍል ቀናት መኖራቸው፣ ቶአሩ፣ ዲግሪው፣ ያው መሐንዲስ የሚለው መሆኑ ከተጻፈ ደግ ነው። ሂሳቡን የሚቀንስባት ከሆነ እኔ ራሴ እቀድደዋለሁ። ያኔ ለእኔ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ አለን።»

ሃዳር ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። መኮንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ለእናቱም ወደ አማርኛ መለሰላቸው። እርሳቸው አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ሌላ የሚጠይቁት ሲያጡ ተነሡ፤ እጃቸውንም በልጅቱ ራስ ላይ አኖሩ።

«የእስራኤል አምላክ ልብሽንም እጅሽንም ይባርክ። ፈርሚ። ጸጉርሽን ግን ትሰበስቢያለሽ! መነጽሩን አታወልቂም! ቀለበት የለም፣ የአንገት ሐብል የለም! ማሽኑ ሲዞር ስልክ አታነሺም፤ እኔ ብደውል እንኳ! ሲቆም ግን ትደውያለሽ።»

«ቤሴደር፣ እሺ፣ ሳፍታ።»

«ቤሴደር አትበዪኝ። ማዪ!»

ሃዳር ማለች። ሦስቱ ወደ ቤት ሲሄዱ ጎረቤቱ ሁሉ ገና ደጅ ላይ ነበር። ወይዘሮ ዓባይነሽ ሰላምታ እየሰጡ፣ በአንድ ወገን ቱታ፣ በሌላው ወገን ቅባት ይዘው በመሃላቸው አለፉ። ሰው ሁሉ አያቸው፤ አለፉ ግን።

ዓመት ሞላ። ሃዳር ዛሬ ሥዕል ስትሥል መጀመሪያ «ማን ያስረዋል? በየት በኩል ይገባል? ሲበላሽ እንዴት ይወጣል?» ብላ ትጠይቃለች፤ ክፍል ውስጥም ቀመሩ ሲጻፍ ሌሎቹ የሚገለብጡትን እርሷ የቱ ማሽን ላይ እንዳየችው ታውቃለች። ነጥቧ ዘጠና ስድስት አይደለም፤ ትንሽ ዝቅ ብሏል። አያቷ ስለዚህ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ ብሏቸው ነበር። ሆኖም የሠራችው የፓምፕ መያዣ አሁን ፋብሪካው ውስጥ ፓምፕ ይዞ ቆሟል፤ ዮቫልም ግድግዳ ማፍረስ አላስፈለገውም። መኮንን በበኩሉ ዓርብ ዓርብ ከሰንበት በፊት ይመጣና ሂሳብ ከእህቱ ልጅ ይማራል። በቅርቡም አንድ መሐንዲስ «አስላና አሳየኝ» ሲለው አስልቶ አሳየው።

በሽማግሌዎች መሰብሰቢያ፣ በሞዓዶኑ፣ ግን ወሬ አይቀርም። አንድ ቀን ወይዘሮ አስመረች ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ «እትዬ ዓባይነሽ፣ ልጅቷ ትምህርቱን ትታ ቀጥቃጭ ሆነች የሚሉት እውነት ነው?» አሏቸው።

«አልተወችም። ጨመረችበት።»

«መሐንዲስማ አዛዥ አይደል? ምን ብሎ እጁን ያቆሽሻል?»

«የማያውቀውን ምን ብሎ ያዛል?» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ። «መጽሐፍ ብቻ ያለው፣ መፍቻው የማይዞርበትን ይሥላል። እጅ ብቻ ያለው፣ ስሕተት እያየ ዝም ይላል። ልጅሽን ግማሽ ሊያደርጉብሽ ሲመጡ፣ በየትኛውም በኩል ይምጡ፣ እንቢ በዪ። ወረቀቱን ደግሞ አንብቢ። ካልገባሽ መኮንን ያነብልሻል።»

ይህን ሁሉ በድፍረት ተናገሩ። ዓይናቸው ግን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አልተነሣም። ማክሰኞ ነበር፤ ዘጠኝ ተኩል አልፏል፣ ሃዳር አልደወለችም። ማመን ሌላ፣ አለመፍራት ሌላ ነው። ስልኩ ሲጮኽ ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር።

«ሃዳር! ዐሥሩም ጣቶችሽ አሉ?»

«አሉ፣ ሳፍታ። ዐሥራ አንደኛውን እየፈለግሁ ነው የዘገየሁት።»

«አትቀልጂብኝ፣ አንቺ ባለጌ!» አሉ፤ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ደህና ተቀመጡ። ወይዘሮ አስመረችም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረጉት። «በይ አሁን ንገሪኝ፤ ዛሬ ምን ሠራሽ?»